ልጁ አንድ ዓመት ስለሞላው ካር ሲቱ አይዞርም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ የልጅ አንደኛ ዓመት ልደት ሲከበር ከኬኩና ከድፎ ዳቦው ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ልማድ አለ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ፊቱን ወደ መኪናው የኋላ መስታወት አድርጎ ሲጓዝ የቆየው ልጅ «አሁንማ አደገ» ተብሎ ካር ሲቱ (የሕፃናት የመኪና ወንበሩ) ይዞርለትና ወደ ፊት እያየ መሄድ ይጀምራል። ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ራሱ ቀደም ባሉት ዓመታት አንድ ዓመት የሞላውና 20 ፓውንድ የደረሰ ልጅ ሊዞር እንደሚችል ይመክር ነበር። ይሁን እንጂ ምክሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ሁለት ዓመት ከፍ ብሏል፤ በ2018 ደግሞ ዕድሜ ከመለኪያነት ወጥቶ፣ ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ለሚቀመጥበት አኳኋን አምራቹ የወሰነው የክብደት ወይም የቁመት ጣሪያ ላይ እስኪደርስ ድረስ እንዳይዞር ተመክሯል። ይህ ጣሪያ በብዙዎቹ ካር ሲቶች 40 ፓውንድ፣ በአንዳንዶቹም 50 ፓውንድ በመሆኑ፣ አብዛኛው ልጅ ሁለት ዓመት ካለፈውም በኋላ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ መጓዝ ይችላል። እጀታ ያለው የአራስ ካር ሲት ጠበበው ማለትም ሰፋ ያለ ሌላ ያስፈልገዋል ማለት እንጂ ይዙር ማለት አይደለም።

ነገሩ ያለው በሕፃኑ አካል ላይ ነው። የአራስ ልጅ ጭንቅላት ከቁመቱ ሩብ ያህሉን ይይዛል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው እንኳ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ይህን ከባድ ጭንቅላት የሚሸከሙት የአንገት አጥንቶች ደግሞ በዚያ ዕድሜ ገና ሙሉ በሙሉ አልገጠሙም፤ ክፍሎቻቸው የተያያዙት ባልጠነከረ ለጋ አጥንት ነው። መኪናው ከፊት ሲጋጭ ወደ ፊት ዞሮ የተቀመጠውን ልጅ ቀበቶው ትከሻውንና ወገቡን ይዞ ያስቀረዋል፤ ጭንቅላቱን የሚይዝለት ግን የለምና ጉተታው ሁሉ በአንገቱ ላይ ያርፋል። ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠውን ልጅ ግን የወንበሩ ጀርባ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን አንድ ላይ ደግፎ ኃይሉን በመላ አካሉ ላይ ያከፋፍለዋል። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ቤርቲል አልድማን በ1960ዎቹ ለሕፃናት እንዲህ ያለ ወንበር ሲሠሩ ሐሳቡን ያገኙት ጄሚናይ በተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር የሚጓዙ ጠፈርተኞች ወደ ሰማይ ሲተኮሱ በጀርባቸው ተደግፈው መቀመጣቸውን አይተው ነው። በስዊድን ዛሬም ልጆች ቢያንስ እስከ አራት ዓመታቸው ፊታቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንዲጓዙ ይመከራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ተገቢ ይመስለኛል። «ወደ ኋላ ዞሮ መቀመጥ አምስት እጥፍ ይሻላል» እየተባለ የሚጠቀሰው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ከታተመ አንድ ጥናት የተወሰደ ሲሆን፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ስሌቱ እንደገና ሲመረመር ስሕተት ስለተገኘበት ጥናቱ እንዲሰረዝ ተደርጓል። በድጋሚ ስሌቱ፣ በሁለቱም አኳኋን በትክክል ታስረው የተጓዙ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የደረሰባቸው ከባድ ጉዳት በቁጥር እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ ከዚያ መረጃ ብቻ ተነሥቶ ይህን ያህል እጥፍ ብሎ መናገር አልተቻለም። አካዳሚው ግን የአካሉን አሠራርና የስዊድንን የረጅም ጊዜ ልምድ ይዞ ምክሩን አጽንቷል፤ እኔም ለወላጅ የምናገረው ይህንኑ ነው። የተሰረዘ ቁጥር እየጠቀስን ብንሟገት፣ ነገ ቁጥሩ ስሕተት መሆኑን ያወቀ ወላጅ ምክሩንም አብሮ ይጥለዋል።

በቤታችን የሚነሣው ሙግት ግን ከቁጥር ጋር አይገናኝም። ልጃቸውን ለማረስ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት የልጅ ልጃቸው እግር ከመኪናው መቀመጫ ጋር ተጋጥሞ ሲታጠፍ እያዩ «ኧረ ልጄ፣ ደሙ ይረጋበታል! ደግሞ ፊቱን ወደ ወንበር አዙሮ ምን ሊያይ ነው?» ይላሉ። ክርክሩ ከፍቅር የመጣ ነውና በትዕግሥት ሊመለስላቸው ይገባል። ትንሽ ልጅ እግሩን አጣጥፎ ወይም ሽቅብ ሰቅሎ መቀመጥ አይከብደውም፤ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሲጫወትም የሚቀመጠው እንዲያው ነው። በግጭት ጊዜ የእግር ጉዳት ይበልጥ የሚታየውም ወደ ፊት በተቀመጡት ላይ ነው። «ከኋላ ብንገጭስ?» የሚሉም አሉ፤ ከኋላ የሚደርስ ግጭት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአነስተኛ ፍጥነት የሚሆን ነው።

በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ የካር ሲቱ የክብደት ወይም የቁመት ጣሪያ ላይ ካልደረሰ በቀር ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ኋላ ዞሮ እንዲቀመጥ ሕጉ ያስገድዳል። የቨርጂኒያው፣ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ግን ቀዳዳ አለው፤ ልጁ ሁለት ዓመት ባይሞላውም ወደ ፊት ለመቀመጥ አምራቹ የጻፈውን ዝቅተኛ ክብደት ከደረሰ እንዲዞር ይፈቅዳል። ይህ ክብደት ብዙ ጊዜ ከ20 ፓውንድ ብዙም ስለማይርቅ፣ ደልደል ያለ የአንድ ዓመት ልጅ በሕግ ፊት ሊዞር ይችላል። ፖሊስ አይቀጣኝም ማለትና ልጄ ደህና ነው ማለት ግን የተለያዩ ናቸው።

በክረምት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ የማየው ሌላው ችግር አስተሳሰሩ ነው። ልጁ ወፍራም ጃኬት እንደለበሰ ይታሰራል፤ የደረት ማያያዣውም ሆዱ ላይ ወርዶ ይገኛል። በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው ላልቶ ይቀራል። ስለዚህ ጃኬቱ ይውለቅ፣ ማያያዣው በብብቱ ትክክል ይዋል፣ ማሰሪያው በትከሻው ትክክል ወይም ከዚያ ዝቅ ካለው ቀዳዳ ይውጣና በጣት ተቆንጥጦ የማይያዝ እስኪሆን ይጥበቅ፤ ከዚያ በኋላ ጋቢውን ከላይ ማልበስ ይቻላል። ፊቱን ወደ ኋላ ያደረገ ካር ሲት የሚሠራ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም።

ወደ አገር ቤት ለዕረፍት የምንሄድ ቤተሰቦችም ካር ሲቱን ይዘን እንሂድ፤ ብዙ አየር መንገዶች ሳያስከፍሉ ይጭኑታል። አዲስ አበባ ስንደርስ ግን ሊቀበለን የመጣው ዘመድ መኪና የኋላ ወንበር የሚሠራ ቀበቶ እንዳለው አስቀድመን እንጠይቅ፤ ያለ ቀበቶ ካር ሲቱ የሚታሰርበት የለውምና። ጋዜጣችሁም ከካር ሲቶች ጎን ላይ የሚለጠፈው የክብደትና የቁመት ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ በሥዕል አስደግፎ በአማርኛ ቢያወጣ፣ እንግሊዝኛውን ለማያነቡ አያቶችና ሞግዚቶች እጅግ ይጠቅማል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ