ግንቡ አጠገብ አንድ በርሜል ኖራ ይቀመጥልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ፋሲል ግቢ ገባሁ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግድግዳውን ነካ ነካ አድርጋ «አጎቴ፣ ያኔ ሲሚንቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። በኖራ ነው የተያያዘው አልኳት። «ኖራ እንዴት ይጠነክራል?» ስትለኝ ግን ዝም አልኩ።

ቤት ገብቼ አነበብኩ። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፣ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በጣሊያን ጊዜ ለጥገና የገባው ሲሚንቶ በኋላ እየተነሣ በኖራ የተተካውም ያለ ነገር አይደለም፤ ሲሚንቶ እርጥበት ያፍናል፣ ኖራ ያስተነፍሳል። ይሄን ሁሉ በዚህ ዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው!

እኛ ጋ ኤግዚቢሽን ሲባል ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶና ረጅም ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አንዱ ላይ ልጆቹን «አትንኩ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ምን ሊማሩ ነው ታዲያ?

የምለው ቀላል ነው። የታሪክና የኬሚስትሪ መምህራን ከግንበኞች ጋር ሆነው አንድ ቅዳሜ ለልጆች ይስጡ። የቦካ ኖራ ይቅረብ፣ ልጆቹ ጓንት አጥልቀው ትንሽ ግድግዳ ይገንቡ፣ ከወር በኋላ መጥተው ይዩት። ለጥምቀት ሰሞን ደግሞ የቀሃ ወንዝ ውኃ የፋሲለደስን መዋኛ እንዴት እንደሚሞላ በሞዴል ቢያሳዩን፣ እንግዳውም ከተሜውም ይሰበሰባል።

የእህቴ ልጅ ጓንት ግዛልኝ ብላለች።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር ፒያሳ