አድማ ሳይሆን ሎክአውት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው የስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ በረዶ ሆኪ መጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። በአማርኛ ስለዚህ ጨዋታ የሚጽፍ ብዙ የለም። አንድ ቃል ግን ከነከነኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኤን ኤች ኤል (የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሊግ) ውድድር «በተጫዋቾች አድማ» ዓመቱን ሙሉ ሳይካሄድ ቀረ ብላችኋል። አድማ አልነበረም።

አድማ ሠራተኛው «አልሠራም» ሲል ነው። ተጫዋቾቹ እንዲህ ያደረጉት በ1992 ኤፕሪል ላይ ነበር፤ ለዚያውም 10 ቀን ብቻ። ከዚያ ወዲህ በ1994፣ በ2004 እና በ2012 የተቋረጡት ሦስቱም ሎክአውት ናቸው፤ አሠሪው ሠራተኛውን ከሥራ ሲያግድ ማለት ነው። የቡድን ባለቤቶቹ ናቸው በሩን የዘጉት። በሦስቱም ጊዜ የሊጉ ኃላፊ ጋሪ ቤትማን ነበር። ዛሬም እሱ ነው።

ነገሩን ይህን ያህል የማጠብቀው ስለነካኝ ነው። እዚህ ዲሲ ስንት ሐበሻ በፓርኪንግ ሥራ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። እኔም ቻይናታውን ካለው የካፒታልስ (የዲሲው የሆኪ ቡድን) ሜዳ ትንሽ ራቅ ብሎ ባለ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ጨዋታ ባለበት ቀን ከ11 ሰዓት ጀምሮ ቀይ ማሊያ የለበሰ ሰው መንገዱን ይሞላዋል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ሞልቷል» የሚለውን ሰሌዳ አወጣለሁ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ የተረፈውን ቲኬት ሰጠኝና ገባሁ። መጀመሪያ ፓኳ (በኳስ ፋንታ የሚመቷት ጠፍጣፋ ጎማ) የት እንዳለች እንኳ አይታየኝም ነበር። ሦስተኛውና የመጨረሻው ፔሬድ ላይ ቆሜ ስጮህ ራሴን አገኘሁት። በዚያው ለከፈኝ።

በ2012 ሴፕቴምበር በሩ ተዘጋ። 119 ቀን። እያንዳንዱ ቡድን ከ82 ጨዋታ 48 ብቻ ተጫወተ፤ ከጠፋው 34 ግማሹ በሜዳችን ስለሚሆን ለእኛ ሰፈር 17 ምሽት ጠፋ ማለት ነው። ቅርጫት ኳሱ ባይኖር ጭራሽ ባዶ እንቀር ነበር። አለቃዬ ሺፍቴን ቀነሰው፤ ቲፑም አብሮ ሄደ። የካፒታልሱ ኮከብ አሌክሳንደር ኦቬችኪን ወደ አገሩ ሩሲያ ተመልሶ ለዲናሞ ሞስኮ ተጫወተ። አልፈርድበትም። እኔ ግን የምሄድበት ዲናሞ አልነበረኝም።

ጠቡ በምን ነበር? በገቢ ክፍፍል። ተጫዋቾቹ 57 በመቶ ይደርሳቸው ነበር፤ መጨረሻ ላይ ወደ 50 ወረደ። ሚሊየነርና ቢሊየነር ሲከራከሩ ለማንም ማልቀስ አያምረኝም። ግን ያን ዓመት ጁላይ 4 ቀን የሚኒሶታው ቡድን ሁለት ተጫዋቾችን እያንዳንዳቸውን ለ13 ዓመት በ98 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ በሩ ተዘጋ። የዚያው ቡድን ባለቤት ረጅም ውልና ውድ ደመወዝ ይቅር ከሚሉት ባለቤቶች ጎን ሆኖ ከተጫዋቾቹ ጋር ለድርድር ተቀመጠ። ማን አስገደደህ? ብዬ እስካሁን እጠይቃለሁ።

የ2004ቱ ከዚህም ይብሳል። 1,230 ጨዋታ እንዳለ ተሰረዘ። ስታንሊ ካፕ በሚባለው የሊጉ ዋንጫ ላይ የአሸናፊው ስም በሚቀረጽበት ቦታ «የ2004–05 ውድድር አልተካሄደም» ተብሎ ተቀርጾ ይኖራል። ተጫዋቾቹ 24 በመቶ የደመወዝ ቅነሳና በቡድን የ39 ሚሊዮን ዶላር የደመወዝ ጣሪያ ተቀብለው ተመለሱ። እኛ ደጋፊዎቹስ? በረዶው ላይ «ደጋፊዎች ሆይ፣ እናመሰግናለን» ብለው በቀለም ጻፉልን። 

ኦቬችኪንም ያን ዓመት ነበር ለካፒታልስ መጀመር የነበረበት። በ2025 ኤፕሪል 895ኛ ጎሉን አግብቶ የዌይን ግሬትስኪን የሊጉን የጎል ሪከርድ ሲሰብር ሳሎኔ ውስጥ ጨፈርኩ። ወዲያው ግን ሒሳብ ውስጥ ገባሁ። አንድ ሙሉ ዓመትና 34 ጨዋታ ተወስዶበታል። በዚያች በተቆረጠችው የ48 ጨዋታ ውድድር እንኳ 32 አግብቶ ሊጉን መርቷል። ግሬትስኪን ስንት ዓመት ቀድሞ ያልፈው ነበር?

አሁን ሰላም ይመስላል። በ2025 ሁለቱ ወገኖች የነበረው ውል ሊያልቅ ዓመት ሲቀረው ተስማሙ፤ አዲሱም እስከ 2030 ይዘልቃል። ያኔ ደግሞ በሩ ቢዘጋና እናንተም ብትዘግቡት፣ እባካችሁ «አድማ» የምትለዋን ቃል ተዉልኝ። «ባለቤቶቹ ዘጉ» በሉ።

አንድ የካፒታልስ ደጋፊ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ