በአልጀብራ ፈተና ላይ ማረጋገጫውም ነጥብ ይሰጠው

ክቡር አዘጋጅ፣

የኮሌጅ መግቢያ ሒሳብ ውጤት ባሽቆለቆለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወይ በተማሪው ስንፍና ወይ በኮርሱ ክብደት ላይ ነው። የፈተና ወረቀቶችን መስመር በመስመር ለሚያነብ ሰው ግን የሚታየው ሌላ ነው። ብዙው ነጥብ የሚጠፋው ተማሪው ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ ሲሻገር ምን ማድረግ እንደተፈቀደለት ባለማወቁ ነው። ይህ ሊታረም የሚችል ችግር ነው፤ የምጽፈውም ተማሪው ቁጥር ተክቶ መልሱን ለሚያረጋግጥበት ሥራ ነጥብ እንዲሰጠው ለመጠየቅ ነው።

ከሁሉ የከፋው መግለጫና (እኩል ምልክት የሌለው) እኩልታ (እኩል ምልክት ያለው) መደበላለቃቸው ነው። ያልታወቀውን ቁጥር ሀ እንበለው። ሀ/2 + ሀ/3 = 5 ሲሰጥ ሁለቱንም ወገን በ6 ማባዛት ይቻላል፤ 3ሀ + 2ሀ = 30 ይሆንና ሀ = 6 ይወጣል። ጥያቄው «ሀ/2 + ሀ/3ን አቃልል» ሲሆን ግን እኩል ምልክት የለም፤ ስለዚህ አብሮ የሚባዛ ሌላ ወገንም የለም። ተማሪው በለመደው እጁ በ6 አባዝቶ 5ሀ ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው 5ሀ/6 ነበር፤ እሱ የጻፈው የዚህን ስድስት እጥፍ ነው። መግለጫ ሲቃለል መልኩ እንጂ ዋጋው አይለወጥም። በእኩልታ ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች እኩል እስከተነኩ ድረስ የየወገኑ ዋጋ ቢለወጥ ችግር የለውም። የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ፦ የእኩልታውን ግራ ብቻ በ6 አባዝቶ ቀኙን 5 እንዳለ መተው። ያኔ ሀ = 1 ይወጣል፤ 1/2 + 1/3 ግን 5/6 እንጂ 5 አይሆንም። ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማዋል የሚያስቆጭ አይደለም።

የመሰረዝ ስሕተትም ከዚሁ ይመጣል። (ሀ + 6)/6 ላይ ሁለቱን ስድስቶች አጣፍቶ ሀ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በጣም ብዙ ነው። በሀ ቦታ 6 ቢተካ 12/6 = 2 መሆኑን ወዲያው ያይ ነበር። መሰረዝ ማለት ላዕሉንም ታህቱንም በሙሉ ለአንድ ቁጥር ማካፈል ነው፤ ስለዚህ ላዕሉ በብዜት መልክ መጻፍ አለበት። (6ሀ + 6)/6 ላይ 6(ሀ + 1) ብለን 6ን ካወጣን በኋላ መሰረዝ ይቻላል፤ ሀ + 1 ይቀራል። «ሰርዝ» የሚለው ቃል ከክፍል ወጥቶ «ለዚህ አካፍል» ቢባል ብዙ ወረቀት ይተርፋል።

(ሀ + 3)² = ሀ² + 9 የሚለውን ስሕተት ቀመር በማስሸምደድ ማጥፋት አይቻልም። ሥዕል ይሻላል። ጎኑ ሀ + 3 የሆነ ካሬ ውስጥ አንድ ሀ²፣ ሁለት 3ሀ እና አንድ 9 አለ፤ ተማሪው የሚረሳው ሁለቱን 3ሀዎች ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አል-ኸዋሪዝሚ ኳድራቲክ እኩልታዎችን (ሀ² ያለባቸውን) የሚያስረዳው በዚህ መንገድ ነበር። ሀ² + 10ሀ = 39ን ለመፍታት 10ሩን ለሁለት ከፍሎ ጎኑ ሀ በሆነ ካሬ ሁለት ተጎራባች ጎኖች ላይ ይለጥፋል፤ የጎደለችው ጥግ 5 በ5 ስለሆነች በሁለቱም ወገን 25 ይጨምራል። ትልቁ ካሬ 64፣ ጎኑ 8 ይሆናል፤ ሀ = 3። ነጌቲቩ መልስ −13 በሥዕሉ ላይ አይታይም፤ ያንን መምህሩ መጨመር አለበት። ይህን በእጁ የሣለ ተማሪ ካሬ ማሟላት የሚባለው ዘዴ ላይ ሲደርስ አይደነግጥም።

መልስ የሚያስጠፉና መልስ የሚያስጨምሩ እርምጃዎች ጥንድ ሆነው ቢቀርቡ እመርጣለሁ። ሀ² = 5ሀ ላይ ሁለቱንም ወገን ለሀ ያካፈለ ተማሪ 5ን ብቻ ያገኛል፤ 0 ጠፍቷል፤ ምክንያቱም ሀ ዜሮ ሊሆን ስለሚችል ለእርሱ ማካፈል አልተፈቀደም። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥቶ ሀ(ሀ − 5) = 0 ማለት ነበረበት። በተቃራኒው √(ሀ + 6) = ሀ ላይ ሁለቱም ወገን በራሳቸው ሲባዙ ሀ² − ሀ − 6 = 0 ይመጣል፤ መልሶቹም 3 እና −2 ይሆናሉ። −2 ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ግን ግራው 2፣ ቀኙ −2 ነው፤ ይጣላል። ሌላ ተማሪ ደግሞ (ሀ − 2)(ሀ − 3) = 2 ሲሰጠው እያንዳንዱን ቅንፍ ከ2 ጋር ያስተካክልና 4 እና 5 ይላል። ትክክለኛዎቹ 1 እና 4 ናቸው። 4 በአጋጣሚ መግጠሙ ስሕተቱን ይበልጥ አደገኛ ያደርገዋል፤ ብዜት ዜሮ ሲሆን ብቻ የሚሠራውን ሕግ ተማሪው የትም የሚሠራ ይመስለዋል።

የቃላት ጥያቄዎች ላይ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። «ለአንድ መምህር 20 ተማሪ አለ» ሲባል በርካታ ተማሪ 20ተ = መ ብሎ ይጽፋል፤ ቃላቱን በቅደም ተከተላቸው ስለሚገለብጥ ነው። ተ «ተማሪ» ሳይሆን «የተማሪዎች ብዛት»፣ መ ደግሞ «የመምህራን ብዛት» መሆኑ ከገባው ተ = 20መ ይላል። 3 መምህራን ቢኖሩ ብሎ መሞከር በቂ ነው፦ 60 ተማሪ ይወጣል።

እዚህ ከዘረዘርኳቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ቁጥር በመተካት ይጋለጣሉ። ሆኖም ፈተናዎቻችን ለዚህ ነጥብ አይሰጡም፤ ተማሪም ነጥብ የሌለውን አይሠራም። ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ 10 ነጥብ ከሚይዝ የእኩልታ ጥያቄ 2ቱ ለማረጋገጫ ይሁን። ማረጋገጫው መጀመሪያ በተሰጠው እኩልታ ላይ መሠራት አለበት፤ ሁለተኛው መስመር ላይ የገባ ስሕተት በሦስተኛው መስመር ሲፈተሽ ትክክል መስሎ ያልፋል። መግለጫ ሲቃለልም ለመሞከሪያ 0፣ 1 እና 2ን መሸሽ ነው። (ሀ + 3)² እና ሀ² + 9 በ0 ላይ እኩል ናቸው፤ ሀ² እና 2ሀም በ2 ላይ እንዲሁ። በ5 ሲሞከር ግን 64 እና 34 ይወጣና ልዩነቱ ይፈጥጣል። አንድ ቁጥር መግጠሙ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም፤ አለመግጠሙ ግን ስሕተት መኖሩን ያረጋግጣል። «መልሴ አልገጠመም፤ ስሕተቱ የት እንደሆነ አላገኘሁትም» ብሎ በሐቀኝነት የጻፈ ተማሪም ከ2ቱ አንዱን ያግኝ።

በስልክ መተግበሪያ አሠራሩን ማየት አልቃወምም፤ አይቶ ሲያበቃ ዘግቶ በባዶ ወረቀት ካልደገመው ግን ለፈተና አይጠቅመውም። የቤት ሥራውም አንድ ዓይነት ጥያቄ የተደረደረበት ባይሆን ይሻላል፤ ተማሪው ዘዴውን ሳይመርጥ ይሠራዋልና።

ማረጋገጫ ጊዜ ይበላል የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ 12 ጥያቄ የነበረው ፈተና 9 ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ መምህር