የአዳራሻችን ጣሪያ ክረምቱ ሳይጠነክር እንዲመለስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በጅማ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለምትኖሩ የከተማችን ልጆች፦

እንደሰማችሁት የበልጉ ነፋስ ለስፖርትና ለኮንሰርት የምንሠራውን የሁለገብ አዳራሻችንን ጣሪያ ከፊሉን ገንጥሎ ወስዶታል። ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብየዳው ደካማ ስለነበረ ነው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ገንዘብ አልቆ ሥራው ሲቆም በአንድ በኩል መስኮት አልተገጠመም ነበር፤ ነፋሱ በዚያ ገብቶ ቆርቆሮውን ከውስጥ ወደ ላይ ገፋው። ስለዚህ አሁን የምንለምነው ለጣሪያውም ለመስኮቱም ነው። አንዱ ያለ ሌላው ዳግም ኪሳራ ነው።

መዋጮ እንደሰለቻችሁ እናውቃለን። እኛም በየዕድሩ ደጅ መቆም ሰልችቶናል። «እስካሁን የሰጠነው የት ገባ?» ለምትሉ፣ አብዛኛው ከመሬት በታች ነው። አፈራችን ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ተቆፍሮ ወጥቶ በሌላ አፈርና በድንጋይ መተካት ነበረበት። ለፎቶግራፍ የማይመች ሥራ ነው፤ ግድግዳው ግን ዛሬም አልተሰነጠቀም። ጣሪያው ዝቅ ቢል ብረት ይቆጥብ ነበር የሚሉም አሉ። መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ ከሜዳው በላይ ቢያንስ 7 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በታች የሚሠራው መጋዘን ነው። ወለሉንም በእጅ ኳስ ልክ፣ 40 በ20 ሜትር ያደረግነው 28 በ15 የሆነው የቅርጫት ኳስ ሜዳ በውስጡ እንዲያርፍ ብለን ነው።

«ለዘፈን ቤት ሰደቃ አይሰጥም» ያላችሁን አባቶች እናከብራለን። የኮንሰርት ኪራዩ ግን የመብራትና የጥበቃ ወጪ መሸፈኛ ነው፤ በአዘቦት ቀን ሜዳው የልጆቻችሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. የእግር ኳስ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አብረን ኮርተናል። መረብ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር መረባቸውን ጠቅልለው ይበተናሉ።

ቡና ጭናችሁ አዲስ አበባ የምትወርዱ ነጋዴዎች፣ መኪናችሁ ባዶውን የሚመለስ ከሆነ ብረቱንና ቆርቆሮውን ጫኑልን። የብየዳ ባለሙያዎች ጉልበታችሁን ስጡን።

ገንዘብ የምንቀበለው በባንክ ብቻ ነው። የሒሳብ ቁጥሩ በአዳራሹ በርና በየዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከነማኅተማችን ተለጥፏል። ሒሳቡ የተከፈተው በኮሚቴው ስም ነው፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። ደግመን እንናገራለን፦ በባንክ ብቻ። ያስገባችሁበትን ወረቀት ለገንዘብ ያዥዋ አሳይታችሁ የኮሚቴውን ደረሰኝ ተቀበሉ። ደውሎ «በግል ቁጥሬ ላኩልኝ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ የእኛ አይደለም።

የአዳራሹ ግንባታ ኮሚቴ፣ ጅማ