ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ጸጥ ያለ የሳይክል መንገድ ለሚፈልግ፣ ካርታው ላይ ነጯን መስመር ይከተል

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ፈረንሳይ የሳይክል ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሁፍ ኦንላይን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ ትንሽ ከንክኖኛል። ጸሀፊው "ጸጥ ያለ የገጠር መንገድ" ብሎ ጀምሮ ሄዶ ሄዶ ላ ሉዋር አ ቬሎ ላይ አረፈ። እንዴ! እሱ'ኮ ከኔቨር ተነስቶ አትላንቲክ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ፣ በየመታጠፊያው ታፔላ የተተከለለት መንገድ ነው፣ ቆንጆ ነው አልካድኩም፣ ግን በነሐሴ እዛ ጸጥታ ፍለጋ የሄደ ሰው ከነልጁ ከነውሻው ከነተጎታቹ የመጣውን ህዝብ ደወል እየደወለ ሲያልፍ ነው የሚውለው።

እኔ ሊዮን ስኖር ስድስት አመቴ ነው፣ ሯጭ ምናምን አይደለሁም። የፈረንሳይ ሳይክል ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ቱር ደ ፍራንስ ነው፣ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲገባ፣ ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 ሶስት ኤታፕ (የአንድ ቀን ውድድር ማለት ነው) አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ ቲቪ ፊት ቁጭ ብለን ጮኸናል፣ እኔም ድምጼ እስኪዘጋ ጮኬያለሁ። የኔ ሳይክል ግን ሌላ ነው፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር፣ ላም እያየሁ፣ ዳገቱ ሲከብደኝ ወርጄ እየገፋሁ።

እና ለእንደኔ አይነቱ ሰው ዋናው እቃ የወረቀት ካርታ ነው፣ ሳቁብኝ ችግር የለም። ምሽለን የሚባለው የጎማ ፋብሪካ የሚያወጣው የመንገድ ካርታ ላይ ቀይ ዋና መንገድ ነው፣ ቢጫ ሁለተኛ ደረጃ፣ ነጭ የተረፈው ሁሉ። ነጭ ስል ኮረኮንች እንዳይመስላችሁ፣ አብዛኛው አስፋልት ነው፣ አስፋልት ካልሆነ ጠርዙን በተቆራረጠ መስመር ይስሉታል። ከጎኑ አረንጓዴ መስመር ከሮጠ እይታው ያምራል ማለት ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ የቀስት ጫፍ የምትመስል ምልክት አለች፣ አንዷ ከ5 እስከ 9 ፐርሰንት ዳገት፣ ሁለት ከሆኑ እስከ 13፣ ሶስት ካያችሁ ከዛ በላይ ነው በቃ ውረዱና ግፉ፣ ጫፏ የሚያሳየው ወደ ሽቅቡ ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ወፍ መስላኝ፣ ወፍ የሚበዛበት አካባቢ ነው ብዬ ለጓደኛዬ አስረድቼዋለሁ፣ እስከዛሬ አልተወኝም።

ይሄ ሁሉ ባዶ አስፋልት ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። ፈረንሳይ ወደ 35 ሺህ የሚጠጋ ኮሚዩን፣ ማለትም ትንሿ የአስተዳደር ክልል፣ አላት፣ 200 ሰው የማይሞላት መንደር ሳትቀር የራሷ ከንቲባ አላት፣ የመንደሯን መንገድ የምትጠግነውም ራሷ ናት። አገሪቱ ካላት ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ትልቁ ድርሻ የነዚህ ኮሚዩኖች ነው። ከተማ ለከተማ የሚበረው መኪና ኦቶሩቱን፣ ማለትም ፈጣን መንገዱን፣ ይዞ ይሄድና እዚህ የሚቀረው ትራክተር፣ ፖስታ ቤት መኪና፣ የወተት ቦቴ ነው፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ የሳይክልህን ካቴና ድምጽ ብቻ ነው የምትሰማው።

አሁን ወጥመዷን ልንገራችሁ፣ ለዚች ስል ነው እንደውም ደብዳቤውን የጀመርኩት። ብዙ ሰው "ዲ" የሚል ቁጥር ያለው መንገድ ላይ ሂዱ ይላል፣ ዲ ማለት የዲፓርትመንት፣ እንደ አውራጃ በሉት፣ መንገድ ነው፣ ትንሽ ነው ማለታቸው ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2006 መንግስት ወደ 18 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሆን ትልልቅ ብሄራዊ መንገድ ለዲፓርትመንቶቹ አስረከበ፣ "ኤን" (ብሄራዊ) የነበረው "ዲ" ሆነ፣ መኪናው ግን ያው መኪና ነው የት ይሄዳል። ከሊዮን በስተሰሜን፣ ከሻሎን ከተማ ወደ ማኮን የሚወርደው የድሮው ኤን 6 ዛሬ ዲ 906 ይባላል። እኔና ጓደኛዬ ስልኩ ላይ ያለው አፕ "አጭሩ መንገድ" ብሎ አስገባን፣ እኔም ዲ ስለሚል ዝም ብዬ ተከተልኩ፣ ከዛ ተሳቢ የጭነት መኪና ከኋላ ሲመጣ መጀመሪያ አየሩ ይገፋሃል፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ራሱ ይስብሃል፣ ሁለት እጄ መሪው ላይ ደርቆ ነው የቀረው። ህጉ ከከተማ ውጪ ሳይክል ሲያልፉ 1.5 ሜትር መራቅ አለባቸው ይላል፣ ተሳቢው ሜትር ይዞ አይዞርም። ያን ቀን ካርታውን ገልጠን ብናይ ቀይ ነበር፣ ደማቅ ቀይ!

ስለዚህ እኔ የምመክረው እዛው ሰፈር ያለውን ሌላውን ነው። ከሊዮን ቲኢአር በሚባለው የክልል ባቡር ላይ ሳይክላችሁን ጭናችሁ ሻሎን ትወርዳላችሁ (የሳይክል ቦታው ትንሽ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ቀደም በሉ)፣ ከዛ ዢቭሪ ድረስ ትንሽ ነች። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የድሮ ባቡር ሀዲድ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የሳይክል መንገድ ሆኗል፣ ቯ ቬርት (አረንጓዴ መንገድ) ይሉታል፣ ፈረንሳይ ውስጥ በድሮ ሀዲድ ላይ ከተሰሩት የመጀመሪያው ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለልጅም ለሽማግሌም ይሆናል። ግን ኮርማታን ስትደርሱ ውጡ! በግራ በኩል ወደ ሻፔዝ መንደር የሚወስዱትን ካርታው ላይ ነጭ የሆኑትን መንገዶች ያዙ፣ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ቤተክርስቲያን አለ፣ ደወል ማማው ለመንደሯ አይመጥንም፣ ከሩቅ ነው የሚጠራህ። ከዛ ብራንሲዮን ኮረብታ ላይ (ቀስት አለበት፣ ወፍ አይደለም)፣ ከዛ ቁልቁል ቱርኑ፣ ባቡር ጣቢያ። መንገዱን ሁሉ ነጫጭ የሻሮሌ ላሞች አጥሩን ይዘው አብረውህ ይሄዳሉ፣ አጥሩ ሲያልቅ ቆመው ያዩሃል፣ የተቀየሙ ነው የሚመስሉት።

የጸጥታ ዋጋው ዳቦና ውሃ ነው። ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ በኛ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ማለቴ ነው፣ መንደር ውስጥ ያለው ሱቅ ሁሉ ጥርቅም ነው፣ ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤቱም ብዙ ጊዜ አይከፍትም። አንድ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ኮዳዬ ባዶ፣ መስኮቶቹ በሙሉ ዝግ፣ ሰው የለ ውሻ የለ፣ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ወደ መቃብር ቦታ ነዳ። ደንግጬ ምን ሆንክ አልኩት። የብረቱ በር ይንጫረራል፣ ገባ ስንል ግድግዳው ላይ የነሀስ ቧንቧ፣ አጠገቡ አረንጓዴ አበባ ማጠጫዎች በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። ለካ የፈረንሳይ መቃብር ሁሉ ማለት ይቻላል ውሃ አለው፣ ለአበባው ሲባል። "ኦ ኖን ፖታብል" (የማይጠጣ ውሃ) የሚል ከተጻፈበት አትጠጡ፣ ካልተጻፈ እኔ እጠጣለሁ፣ ቀዝቃዛ ነበር እንዴት እንደሚጥም። ኮፍያ ማውለቅ ግን አትርሱ፣ ሰው ቤት ነው።

ሌላው ቶሎ ቶሎ፦ በበጋ "ግራቪዮን" የሚል ታፔላ ካያችሁ አዲስ ጠጠር በትነውበታል፣ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ፍሬን ቀድማችሁ ያዙ፣ ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው። መንደር ውስጥ ምልክት ከሌለ ከቀኝ የመጣ ቅድሚያ አለው፣ ትራክተርም ቢሆን። ማታ ከከተማ ውጪ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው፣ ጆሮ ላይ ኢርፎን ደግሞ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል።

ከክሉኒ ወደ ማኮን መቀጠል ለሚፈልግ የቧ ክሌር ዋሻ አለ፣ የድሮ የባቡር ዋሻ፣ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ውጪው እያቃጠለም ውስጡ ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። በብርዱ ወራት ግን ለሚተኙት የሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል፣ ያኔ ኮረብታውን በላይ ዞሮ መውጣት ነው፣ እኔ አንዴ ሳላጣራ በታህሳስ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ጸሀፊያችሁ ወደዚህ ብቅ ካለ ካርታዬን አውሰዋለሁ፣ ቡና ስለፈሰሰበት ግን ሻፔዝ አይታይም፣ ደወሉን እያየ ይሂድ።

አንባቢያችሁ፣
ከሊዮን