ሦስተኛው ሲሊንደር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የደብረ ብርሃን ውርጭ ጉልበትዎን እያሳመመዎ እንደሆነ እኅቴ ነግራኛለችና ጋቢዎን ሳይደርቡ ወደ ደጅ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ። የዛሬውን ጉዳይ በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ወሬ ስለቀየርሁ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

ቮልሷን ፈታኋት። በግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍና 11 ዓመት የቆመችውን መኪና ከኋላዋ በክሪክ አንሥቼ፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያዙትን አራት ቡሎኖች ፈትቼ፣ ከአንድ የሠፈራችን መካኒክ ጋር ሆነን ወደ ኋላ ስበን አወረድነው። ሞተሩ ፋብሪካው 1300 ብሎ የሰየመው፣ በትክክል ሲለካ ግን 1,285 ሲሲ የሆነው፣ ውኃ የማያውቀውና በአየርና በዘይት ብቻ የሚቀዘቅዘው ነው። ይህን ለእርስዎ መንገር ድፍረት መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ስለምታነብ ነው።

የግራውን ቴስታታ፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ ባነሣሁ ጊዜ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ እንደ ተገመጠ ቂጣ ተበልቶ አገኘሁት። ጉድለቱ የትንሿን ጣት ጥፍር ያህላል፤ ከሥሩ ያለው መቀመጫም በዚያው ልክ ተቦርቡሯል። መካኒኩ ቫልቩን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ ካየው በኋላ «ይኼ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ወራት የፈጀ ነው» አለኝ። እኔም ቁጭ አልሁ።

ከጎጃም ለቅሶ ስንመለስ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሃ ጽዮን የሚያወጣውን አቀበት ስንያያዘው፣ ሞተሩ መንተፍተፍ የጀመረበትን ቀን እንዳልረሱት ዐውቃለሁ። «በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ሲገባኝ በሦስተኛ አስጨንቄ እኔው አቃጠልኋት» አሉ፤ ቤት እንደደረስንም ቁልፉን አስረክበውኝ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም። ማርሹ ምንም አላደረገም አልልዎትም፤ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ በቺንጋ (በቀበቶ) ከኮሎው፣ ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር ስለሚዞር ሞተሩ በዝግታ ሲያቃስት አየሩም አብሮ ይደክማል። ነገር ግን ያ አቀበት የታመመውን ገለጠው እንጂ አላሳመመውም።

ያሳመምሁት እኔ ነኝ። ጉልበትዎ መታመም ከጀመረ በኋላ የመኪናዋን ጥገና በኃላፊነት ሲሰጡኝ፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት በቀየርህ ቁጥር የቫልቩንም ክፍተት (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን) አስተካክል ብለው አዝዘውኝ ነበር። ዘይቱን ቀየርሁ፤ ቫልቩን ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን አልነካሁትም። ምክንያቴ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ጠዋት ጠዋት ይሰማ የነበረው የቫልቭ መንቋቋት እየቀነሰ ሄዶ ስለጠፋ ሞተሩ የተሻለው መስሎኝ ነው። «ድምፅዋ ጠፋ እኮ» ብዬ ስነግርዎ እርስዎም ደስ ብሎዎት ነበር። ለካ ድምፁ የጠፋው ክፍተቱ ስላለቀ ነው። ቫልቭ ከነበልባሉ የሚቀበለውን ሙቀት የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ሲሆን፣ በሙቀት ብዛት ግንዱ እየተሳበ መቀመጫውም እየሰጠመ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ፈጽሞ ሲያልቅ ደግሞ ቫልቩ መዘጋት አቅቶት ነበልባል በጠርዙ ሲሾልክ ይኖራል። የሰባቱ ቫልቮች ክፍተት ጠብቦ ነበር፤ የስምንተኛው ግን ፈጽሞ አልነበረም።

ስምንተኛው ለምን ከ3ኛው ሲሊንደር ሆነ ቢሉ፣ ይህ የእኔም የእርስዎም ጥፋት አይደለም። እንደኛ ባለው የቀድሞ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ልክ የግራዎቹ ሲሊንደሮች አየር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለቆመ፣ 3ኛው የሚደርሰው አየር አስቀድሞ በዘይቱ የሞቀና የተቀነሰ ነው። ፋብሪካው ራሱ በ1970 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ማቀዝቀዣውን ከዚያ አውጥቶ የራሱ አየር እንዲኖረው አድርጓል። የቫልቩንም ክፍተት እርስዎ ከለመዱት 0.10 ወደ 0.15 ሚሊ ሜትር አሳድጎታል።

ሞተሩን ከፍቼ በቫልቭ ብቻ መዝጋት ስላላስቻለኝ ሁሉንም አወጣሁ። የቮላኖውን፣ ከኮሎው ጫፍ የሚታሰረውን ከባድ መንኮራኩር፣ ባለ 36 ዳዶ ለመፍታት ከሜትር የሚረዝም ቧንቧ እጀታው ላይ ሰክተን ሁለት ሰው ተንጠላጥለንበታል። ኮሎው በሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ጀርባ ላይ 0.25 (ሚሊ ሜትር) ተጽፎ ስላገኘሁ ኮሎው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ መፋቁን ዐወቅሁ፤ እርስዎ ግን ይህ ሞተር ተከፍቶ እንደሚያውቅ ነግረውኝ አያውቁም፤ ማን እንደሠራው ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል፤ ሥራው ንጹሕ ነበርና። አሁን ወደ 0.50 ወርዷል። የፋቀው ቤት በዘይት መተላለፊያዎቹ ውስጥ የብረት ብናኝ ትቶልኝ ስለነበር፣ በመርፌ ላምባ እየረጨሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ምንም እስከማይታይ ድረስ አጠብሁት።

ከሁሉ ያደከመኝም ያስደሰተኝም የኮሎው የወደ ፊትና የወደ ኋላ ንቅናቄ ልኬታ ነበር። ከቮላኖው ሥር የሚገቡት ስስ ቀለበቶች ምንጊዜም ሦስት ሆነው ውፍረታቸው ግን ስለሚለያይ፣ በድምሩ ንቅናቄው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲወድቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስቱን አስገብቼ፣ ቮላኖውን አስሬ፣ ለክቼ፣ መልሼ ፈትቼ፣ አንዱን በሌላ ቀይሬ፣ ይህንኑ አምስት ጊዜ ደጋግሜ በመጨረሻ 0.10 ላይ ሲቆም ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኖ ነበር። ሲሊንደሮቹንና ፒስተኖቹን ከነፋሻቸው አራቱንም በአዲስ ለውጫቸዋለሁ፤ የፒስተኖቹ ቀስት ወደ ቮላኖው ማመልከቱን ልጄ አንድ በአንድ አይታልኛለች። ቴስታታዎቹም አዲስ መቀመጫና አዲስ ቫልቭ ገብቶላቸዋል።

ባለፈው ማክሰኞ 2.5 ሊትር ዘይት ሞላሁ፤ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ያለ እሳት አዞርሁት፤ ከዚያም የኮይሉን ገመድ መልሼ ቁልፉን ስጠመዝዝ በሁለተኛው ተነሣ። ቫልቮቹ ይንቋቋሉ። ልጄ ተበላሸ ብላ ደነገጠች።

አሁን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቷል፤ 500 ሲሞላ ዘይቱ መቀየርና ቫልቮቹ እንደገና መስተካከል አለባቸው። ማስተካከሉ በቀዘቀዘ ሞተር ስለሆነ፣ ቅዳሜ ማታ ደብረ ብርሃን ደርሼ መኪናዋን እደጅዎ ላሳድራትና እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንሥራው። የክፍተት መለኪያው ስስ ብረት ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ስላልነበረ እስካሁን የሠራሁት በተውሶ ነው። ሲሄዱ ከመነጽርዎ ቤት ጋር ይዘውት የሄዱ ይመስለኛልና እባክዎን ይፈልጉልኝ። በእርስዎ በኩል ያሉት የ3ኛው ቫልቮች እንዲሆኑ መኪናዋን አዙሬ አቆማታለሁ።

ልጅዎ
አዲስ አበባ