ቁርሱ ከሰልፍ በፊት ይድረስ

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር

በገጠር ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህር ነኝ። አንደኛ ፔሬድ ላይ «ቲቸር፣ ሆዴን አመመኝ» የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። መጀመሪያ ሰሞን ጤና ኬላ እልክ ነበር። አንድ ቀን አንዷን «ማታ ምን በላሽ?» አልኳት። ጓደኛዋን አየት አደረገችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ከመሳቢያዬ ቆሎ አላጣም። ሕመሙ በአንድ ጭብጥ ይተዋቸዋል። ግን ተማሪዎቼ ሃምሳ ሁለት ናቸው፤ የመምህር ደመወዝ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. ወደ 300 ሺህ ለሚጠጉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማብላት ስትጀምር «ይሄ እንኳን አይዘልቅም» ብዬ ነበር። ዘለቀ። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ። ገጠር ላይ ግን ምገባ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን እርዳታ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአገራችን ተማሪ ሲመግብ ኖሯል፤ እኛ ጋ ግን አልደረሰም።

ስለዚህ በራሳችን ሞከርነው። ጥር ላይ ወላጅ ሁሉ ቁና ቁናውን ይዞ መጣ። ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ። አንዲት እናት ጨው ብቻ ይዘው መጥተው ከበር መለስ ሊሉ ሲሉ ነው እጃቸውን ይዘን ያስገባናቸው። ሚያዝያ ላይ መዋጮው ሳሳ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ምድጃው ቀዘቀዘ። ፈተናው ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። ጎተራው በሚራቆትበት ወር ልጁን ባዶ ሆዱን እንፈትነዋለን ማለት ነው። ወላጅ ሰንፎ አይደለም፤ የሚያዋጣው አልቆበት ነው።

የምጠይቀው ይህንን ነው። መዋጮው ይቀጥል፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለውን ግን መንግሥት በበጀት ይያዝልን። እህሉም ዋጋ ሳይንር፣ ጥር ላይ፣ ከዚያው ከወረዳችን ገበሬ ይገዛ።

ሰዓቱም ይታሰብበት። እኛ ንፍሮውን የምናድለው በእረፍት ነበር። ሒሳብና ንባብ ግን ከእረፍት በፊት ናቸው! ቅንጬም ሆነ ንፍሮ፣ ከሰልፍ በፊት ይድረስ። ለዚህ አብሳይ እናቶች ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት አለባቸው። በነጻ ለምኗቸው አትበሉን፤ ደመወዝ ይቆረጥላቸው።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። መልሳችሁን ከዚያ በፊት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሦስተኛ ክፍል መምህር